ከመርዶ ሰዓት የሸሸሁበት ሩጫ

አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ለምን መሮጥ እንደ ጀመርኩ ሰው ሲጠይቀኝ «ለጤናዬ ነው» እል ነበር። ሐኪም ግፊት አለብሽ ብሎኝ ስለነበር ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ለግፊት ብሎ ጎህ ሳይቀድ ከሞቀ አልጋው የሚነሳ ሰው እኔ በበኩሌ አላየሁም። እኔ የሮጥኩት ቤቴ ላለመገኘት ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም በግልጽ አልተናገርኩምና አንባቢዎቼ ታገሡኝ። ነገሩ የአንድ ጠዋት ታሪክ ቢሆንም አሳጥሬ ልነግራችሁ አልችልም።

ጊዜው ደርግ ሊወድቅ የተቃረበበት፣ የሰሜኑ ጦርነት የበረታበት ነው። ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ በቀበሌ ቤት እኖር ነበር። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ባለቤቴ ቀደም ብሎ በጉበት በሽታ ሞቶብኛል። የቀረኝ አንድ ልጄ ዳንኤል ነበር። አሥራ ሁለተኛን ተፈትኖ ውጤቱን ሲጠባበቅ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። መጀመሪያ ላይ ከማሠልጠኛ ወሬው ይደርሰኝ ነበር። ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ ግን ድምፁ ጠፋ።

እንግዲህ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። መንገድ ላይ አይነገርም፤ ሥራ ቦታ አይነገርም፤ ሰው ብቻውን ቆሞ እያለ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ የቅርብ ዘመድ ካለበት ይጠራል፣ ከዚያ ሊነጋጋ ሲል፣ ሐዘንተኛው ከቤት ሳይወጣ፣ በሩ ይንኳኳል። በዚያ ዓመት በእኛ ሰፈር ያልተንኳኳ በር ጥቂት ነበር። ጎህ ሲቀድ አንድ ጩኸት ይሰማል፤ እኔ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ ከየትኛው ቤት እንደሆነ ለመለየት ጆሮዬን አቆማለሁ፤ ከዚያ ነጠላዬን ለብሼ ለማልቀስ እሄዳለሁ። አልቅሼ ስመለስ የነገውን ጠዋት መፍራት እጀምራለሁ።

አንድ ቀን ኮቴ መጥቶ በሬ ላይ ቆመ። ብዙ ሰው ነው። ጮኼ እንዳልቀድማቸው የብርድ ልብሱን ጫፍ ነከስኩ። የሰፈሩ አብዮት ጥበቃዎች ነበሩ፤ ንፋሱን ከአጥሬ ተከልለው ሲጋራ እየለኮሱ ነበር። ለኩሰው ሄዱ። እኔ ግን ያን ቀን ሥራ ስገባ አንድ ገጽ ሳልሳሳት መጻፍ አቃተኝ። ማታ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በዚያ ሰዓት ቤት ባልገኝስ? መርዶ ነጋሪ ባዶ ቤት አንኳኩቶ ምን ያደርጋል? አሁን ሳስበው የሕፃን ሐሳብ ነው። ያኔ ግን ትልቅ ብልኃት ሆኖ ታየኝ።

ታዲያ ሴት ልጅ በዚያ ሰዓት ዝም ብላ ብትሄድ ወዴት ነሽ፣ ከየት ነሽ መባሏ አይቀርም። የሚሮጥን ሰው ግን ማንም አይጠይቅም። ያኔ በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው ስፖርት ሥሩ እየተባለ ይለፈፍ ስለነበር «ስፖርት ነው» ካልኩ ጥበቃዎቹም ያሳልፉኛል። ዳንኤል ትቶት የሄደውን ሸራ ጫማ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄ አጠለቅሁት፤ ከጉርዴ ሥር የእሱን የቱታ ሱሪ ለበስኩና ወጣሁ።

ሩጫ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሳልደርስ ጎኔን ውጋት ቀሰፈኝ፣ ምራቄ ደረቀ፣ ባቴ ታሰረ። የመብራት እንጨት አቅፌ ስተነፍስ አንድ ጥበቃ መጣና «እናት፣ ማን አባሮሽ ነው?» አለኝ። ማን እንዳባረረኝ ብነግረው ይገባው ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ወታደር የሌለው ሰው በዚያ ዘመን ጥቂት ነው።

ጎረቤቴ ሙሉነሽ በሦስተኛው ቀን ያዘችኝ። ልብስ ሰፊ ናት፤ በረንዳዋ ላይ መኪናዋን ዘርግታ ስትሰፋ ትውላለች፤ ወፈር ያለች፣ አፏ የማያርፍ ሴት። «አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜሽ ለኦሎምፒክ ልትመረጪ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። በማግስቱ በኮንጎ ጫማዋ፣ ወገቧን በነጠላ ጠፍንጋ በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት። «ብቻሽን ጅብ ከሚበላሽ እኔን ቢያስቀድም ይሻላል፤ እኔ ሥጋ አለኝ» አለችኝ። ለምን እንደምሮጥ አልነገርኳትም፤ ግን ያወቀች ይመስለኛል።

ከአንድ የመብራት እንጨት እስከ ሌላው እንሮጣለን፣ ቀጣዩን እንራመዳለን። ሳምንታት ሲያልፉ ሁለት እንጨት ሮጠን አንዱን መራመድ ጀመርን። በወንጂ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ትልቅ ግራር አለ፤ ከእሱ እንመለሳለን። ስንመለስ ኦቦ ቱፋ የሚባሉ የጋሪ ነጂ ሽንኩርት ጭነው ወደ ገበያ ሲገቡ ያጋጥሙናል። «ኤሳ ዴምቱ? ወዴት ነው? ባሎቻችሁ አባረሯችሁ?» ይሉናል። ሙሉነሽም «እርስዎን ፍለጋ ነው የወጣነው» ትላቸዋለች። ፈረሱ ሳይቀር የለመደን ይመስለኝ ነበር። ቤት ስደርስ ፀሐይ ትወጣለች፤ ፀሐይ ከወጣች ደግሞ ያ ቀን አለፈ ማለት ነው። እስከ ነገ ጎህ ድረስ ልጄ አለ።

ያ ጠዋት እንደ ሌላው ጠዋት ነው የጀመረው። ማታ ካፊያ ጥሎ አቧራውን አብርዶታል። ሙሉነሽ ዘግይታ መጣች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ጥርሴ ነው። ሲጠዘጥዘኝ አደረ።»

«ታዲያ ተኚያ። ዛሬ ይቅር።»

ትንሽ አየችኝና «አይ፣ እንሂድ» አለች።

ወፍጮ ቤቱን እንዳለፍን ሦስት ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው በተቃራኒ ሲመጡ አየን። ከፊት የነበሩት የዕድራችን ዳኛ ናቸው። በዚህ ሰዓት ሦስት ሽማግሌ አንድ ላይ ሲሄድ ምን ማለት እንደሆነ ልጅም ያውቀዋል። ልቤ ዘለለ፤ ወዲያው ግን ተመለሰ። ወደ እኔ ቤት ቢሆን እኔ እዚህ ነኝ።

«እንደምን አደሩ አባባ?» አልኩ፣ ሳልቆም።

እሳቸው ቆሙ። «እግዚአብሔር ይመስገን። ወዴት ነው ወይዘሮ ዘነበች?»

«ስፖርት ነው። እርስዎም ይምጡና ይሩጡ እንጂ።»

እንዲህ ብዬ ቀለድኩባቸው። እሳቸው ሙሉነሽን ነው ያዩዋት። እሷ አንገቷን ደፋች። «ቶሎ ተመለሱ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። አንደኛው ሽማግሌ አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት ዳኛው ክንዱን ያዝ አደረጉት።

ትንሽ እንደራቅን ሙሉነሽን «ዛሬ ደግሞ የማን ቤት ይሆን?» አልኳት። አንገቷን እንደ ደፋች መሮጧን ቀጠለች። «የእትዬ አስካለ ልጅ ይሆናል። የእሱም ወሬ ከጠፋ ቆየ አይደል? ምስኪን ሴት፤ ስንመለስ እንሂድላት» አልኩ። ይህን ስናገር እግሬ ቀለለኝ። ዛሬ ለሌላ ሰው ሆኗል፣ እኔን አልፎኛል ብዬ ነው። ሰው እንደዚህ ነው፤ ሌላውን እንጃ፣ እኔ ግን እንደዚያ ነበርኩ።

ግራሩ ጋ ስንደርስ ለመዞር ቀነስ አደረግኩ። ሁልጊዜ እዚህ ሳንደርስ «በቃኝ፣ ልሞት ነው» የምትለው እሷ ናት። ያን ቀን ግን «ዛሬ እንለፈው» አለች።

«ጥርስሽስ?»

«ሲሮጡ ይተዋል።»

አለፍነው። ነፋሱ ከወንጂ በኩል ሲመጣ የፋብሪካውን የተቃጠለ ስኳር ሽታ ያመጣል። ሰማዩ በምሥራቅ በኩል መቅላት ጀምሯል። ከዚያ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ትንፋሼ ልክ ገባ። እግሬ መሬቱን ሲረግጥ አልሰማኝ አለ፤ ጎኔን አልወጋኝም፤ ጉሮሮዬ አልተቃጠለም። ሰዎች ለምን ሮጠው እንደሚደሰቱ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እየሮጥኩ ማውራት ቻልኩ። ያወራሁትም ስለ ዳንኤል ነው።

«ሲመጣ እኮ አያምነኝም» አልኳት። «እናቴ ከጣቢያ እስከ ቤት ሮጣ ቀደመችኝ ብሎ ለማን ያወራል? እሱ ትምህርት ቤት በሩጫ ሁለተኛ ይወጣ ነበር፤ አንደኛ የሚወጣው ልጅ ጫማ ስላለው ነው ይለኝ ነበር። ያን ሸራ የገዛሁለት ለዚያ ነው።»

ሙሉነሽ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ላብ መሰለኝ።

«ለምን አታወሪም?» አልኳት።

«ትንፋሽ ልያዝ ብዬ ነው። አንቺ አውሪ። ስለ እሱ አውሪልኝ።»

አወራሁ። ልጅ ሆኖ ባቡር ሲመጣ ፊሽካውን እየሰማ ሰዓት ስንት እንደሆነ ይነግረኝ እንደነበር፣ ባቡሩ ሲዘገይ ደግሞ ሰዓቱ ነው የተሳሳተው ብሎ ይከራከር እንደነበር ነገርኳት። ይህን እያወራሁ ሳለ የሙሉነሽ አንድ እግር ኮንጎ ከእግሯ አምልጦ ወደ ቦዩ በረረ። ቆማ በአንድ እግሯ እየነጠረች ልታወጣው ጎንበስ ስትል ሌላውም ተከተለው። ያን የሚያህል ሰውነት ይዛ ባዶ እግሯን ቦይ ውስጥ ቆማ ጫማዋን ስትሳደብ አየሁና ሳቄ መጣ። መንገዱ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ልጄ ከሄደ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። እሷ ጭቃ የነካውን ጫማ በእጇ ይዛ ታየኝ ነበር።

የጋሪ ድምፅ ሰማን። ኦቦ ቱፋ ናቸው፤ ግን የመጡት ከከተማው በኩል፣ ከኋላችን ነው። ጋሪው ባዶ ነው። ፈረሱን አቆሙና ወረዱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አካም ቡልተኒ፣ እንደምን አደራችሁ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ዛሬ ሽንኩርቱ የት ሄደ ኦቦ ቱፋ?» አልኳቸው፣ ገና ሳቁ ሳይለቀኝ።

«ተሳፈሩ ልጆቼ፤ ቤት ላድርሳችሁ» አሉ።

«እየሮጥን እኮ ነው።»

ወደ ሙሉነሽ ዞሩ። እሷም «ትንሽ ይታገሡን ኦቦ ቱፋ፤ ትንሽ ብቻ» አለቻቸው።

«ፀሐይ ወጣች እኮ እህቴ» አሉ። «ሰዎቹ ተቀምጠዋል።»

ከመሬት ተነሳሁ። አንድም ቀን ሳይተርቡን አልፈው የማያውቁ ሰው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው እግሬን ያያሉ። ሽማግሌዎቹ ወዴት እየሄዱ እንደነበር ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለው መንገድ ወደ እትዬ አስካለ ቤት አይወስድም። እኔ ከተማዬን አጥብቄ የማውቅ ሴት፣ ላለማወቅ ብዬ መንገዱን ረሳሁት።

«ሙሉ» አልኳት። «የማን ቤት ነበር?»

«ቤት እንሂድ ዘኑ።»

«ዳኒ ነው?»

«ቤት እንሂድ።»

የልብሷን አንገት ይዤ ነቀነቅኳት። «ንገሪኝ! አንድ ቃል ነው፤ አዎ ወይም አይ በይኝ።»

እንባዋ እየወረደ «መንገድ ላይ አልነግርሽም» አለች። «ብትገድይኝም ሜዳ ላይ ብቻሽን አቁሜ አልነግርሽም።» ወደ ኦቦ ቱፋ ዞርኩ። እሳቸው በኦሮምኛ እየጸለዩ የፈረሱን ልጓም ያሹ ነበር። ሁለቱም ያውቃሉ፤ እኔ እናቱ አላውቅም።

ጋሪው ላይ አልወጣሁም። ሮጥኩ። ስሸሸው የከረምኩትን ነገር ለመስማት በመጣሁበት መንገድ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ግራሩን አለፍኩት፤ እንጨት አልቆጠርኩም፤ አልተራመድኩም። ጋሪው ከኋላዬ በዝግታ ሲከተል ይሰማኝ ነበር። አንዳንዴ ምናልባት ቆስሎ ይሆናል፣ ምናልባት እግሩ ተቆርጦ ይሆናል እላለሁ። እግሩን ብቻ ይሁን ብዬ ተሳልኩ። ትንሽ ሄጄ ሁለቱም ይሁኑ አልኩ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ወረፋ የያዙት ሴቶች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስታጣፋ አየኋት። ከዚያ ወዲህ የምሳለው ነገር አልቀረኝም።

የግቢዬ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የዕድሩ አግዳሚዎች ተደርድረዋል። በሰዎቹ መሐል እህቴን እታገኝን አየሁ። እታገኝ የምትኖረው አርሲ ነገሌ ነው። ማታ ገብታ ሙሉነሽ ቤት፣ ከእኔ ቤት በአንድ አጥር ተለይታ አድራለች። ሁሉም ተነሱ። ዳኛው ወደ ፊት መጡ።

«አውቄዋለሁ» አልኳቸው። «ይቀመጡ።»

«ማለት አለብኝ ልጄ» አሉ። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። ዳንኤልን… ልጃችንን አጥተነዋል።»

ሁሉም የእኔን ጩኸት ጠበቀ። እኔ ግን እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ማለክለኬን አላቆምኩም ነበር። ደረቴ ይወጣል ይወርዳል፤ አየር አይበቃኝም። ለቅሶ ትንፋሽ እንደሚፈልግ ያን ቀን አወቅኩ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። የልጄን ስም ጠርታ መጀመሪያ የጮኸችው እህቴ ናት። እናቱ እኔ፣ በእሱ ጫማ ቆሜ፣ እንደ ሮጠ ውሻ አለክልክ ነበር።

ኋላ እንደ ነገሩኝ አብሮት የነበረ ቁስለኛ ወሬውን ይዞ ከመጣ ሰንብቷል። ሽማግሌዎቹ ከዚያ በፊትም መጥተው ቤት አጥተውኝ ተመልሰዋል፤ ያን ቀን ስንዘገይ ኦቦ ቱፋን የላኩብን እነሱ ናቸው። ለካ ያ ሁሉ ቀን ሰፈሩ በሙሉ እያወቀ ነው ደህና አደርሽ የሚለኝ። ለካ ዳቦ ቤት ወረፋ የሚለቁልኝ፣ አለቃዬ ስሳሳት ዝም የሚለኝ ለዚያ ነው። ሙሉነሽን ደግሞ «ዛሬ እንደምንም ብለሽ ከቤት እንዳትወጣ አድርጊ» ብለዋት ነበር። ታምሜያለሁ ብላ ብትተኛ እኔም አስታምማት ነበር። እሷ ግን ይዛኝ ወጣች፤ ግራሩንም አሳለፈችኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ የምጨምርበት ቢኖር ሮጠው ቢያመልጡትም ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል የሚል ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሮጬ አላውቅም፤ አውቶቡስ እንኳ ሲያመልጠኝ ቆሜ አየዋለሁ። ደርግ ወድቆ የተበተነው ሠራዊት እየለመነ በከተማችን ሲያልፍ መንገድ ዳር ወጥቼ የእያንዳንዱን ፊት አይቻለሁ። አስከሬን አላየሁም፤ መቃብር የለውም፤ መርዶ ግን ተነግሮኛል። አንዷን ቀን እንኳ ያለ ጥርጣሬ ማልቀስ አልቻልኩም።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ነገር ምን እንዳደረገኝ ልንገራችሁ። ደግነትን እንድፈራ አደረገኝ። ሰው ሲያከብረኝ፣ ወንበር ሲለቅልኝ፣ ቀልዴን ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ፣ «ማን ሞተ?» ማለት ያምረኛል። ጠዋት ተነስቼ ልቤ ቀለል ሲለኝ ሰዎች የሚያውቁት እኔ የማላውቀው ነገር ምን ይሆን እላለሁ። ምክር የለኝም። የሰው መርዶ በእጃችሁ ቢወድቅ ቶሎ ንገሩ ወይም አቆዩ ብዬ ልመክራችሁ አልችልም፤ ዘመኔን ሁሉ አስቤበት መልሱን አላገኘሁትም።

ሙሉነሽን ለብዙ ጊዜ አላናገርኳትም። ያታለለችኝ እሷ ናት ብዬ ያዝኩባት። በአንድ አጥር እየኖርን በየለቅሶው ጎን ለጎን ተቀምጠን ዓይኗን አላየውም ነበር። ኋላ ሁለታችንም ስናረጅ፣ እሷ ዓይኗ ደክሞ መስፋት ስትተው፣ አንድ ቀን ሄጄ በረንዳዋ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ ምንም ሳልል «ለምንድን ነው ይዘሽኝ የሄድሽው?» አልኳት።

ወዲያው ገባት። የትኛውን ቀን ብላ አልጠየቀችኝም።

«ስነሳ እንኳ ላስቀርሽ ነበር» አለች። «በሩ ላይ ሳይሽ አቃተኝ። እስከ ግራሩ ልውሰዳት፣ ከዚያ እንመለሳለን አልኩ። እዚያ ስንደርስ ደግሞ ትንሽ እንለፈው አልኩ። ከዚያ ስለ እሱ ማውራት ጀመርሽ። ሲመጣ፣ ሲመጣ ትያለሽ። እንዴት ብዬ ልመልስሽ? ቀጥሎ ደግሞ ሳቅሽ። ያንን ሳቅ ሁለተኛ እንደማልሰማው አወቅኩ። ኦቦ ቱፋን ትንሽ ይታገሡን ያልኩት ለዚያ ነው።»

ልቆጣ ብዬ ነበር የሄድኩት። አጠገቧ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ያለችው ልክ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልሰማችውም።